ያልተጻፈ ሁሉ ተሽሯልን?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



ርእሴ በመጀመሪያ ሲሰሙት የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በትዕግሥት ብታደምጡኝ፣ የተማሪዎችን ውጤት ከሚመዘግበው መምህር አንሥቶ ለሽምግልና እስከሚቀመጡት አባቶቻችን ድረስ ሁላችንን የሚነካ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፤ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ እየሠራ የሚገኝ፣ ነገር ግን በመመሪያው ላይ ያልተጻፈ አሠራር ሁሉ፣ ሊሻር እንደ ታወጀ ሊቆጠር ይገባዋልን?

ቃሉ ሳይገለጥ ክርክር መጀመር በጨለማ እንደ መሄድ ነውና፣ አስቀድሜ የሁለት ቃላትን ትርጉም ልናገር። ሶፍትዌር ወይም ፕሮግራም የሚባለው፣ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ምን መሥራት እንዳለበት የሚነግረው የትእዛዝ ክምችት ነው። ሠሪው ፕሮግራሙን ሲሸጥ ወይም ሲያድል፣ «ይህን ብታደርጉ ይህ ይሆንላችኋል» የሚል መመሪያ አብሮ ይጽፋል። ሆኖም ማናቸውም ፕሮግራም ከመመሪያው ይሰፋል። ሠሪው ሳይጽፈው የቀረ፣ ወይም ለራሱ ብቻ ያስቀመጠው፣ ወይም ራሱም ሳያስበው የተፈጠረ አሠራር በውስጡ ይገኛል። ያልተጻፈ አሠራር የምለው ይህን ነው።

ሁለተኛው ቃል መሻር ነው። ጥንቁቅ ሠሪ አንድን አሮጌ አሠራር ለማስወገድ ሲያስብ በድንገት አይቆርጠውም። አስቀድሞ፣ «ይህ ለጊዜው ይሠራል፤ ነገር ግን ወደ ፊት ስለሚወገድ አዲስ ሥራ አትጀምሩበት፤ በምትኩ በዚያኛው ተጠቀሙ» ብሎ ያስታውቃል። እንዲህ የተባለለትን አሠራር ሊሻር የታወጀ እንለዋለን። ገና ሥራውን አልተወም፤ ግን የስንብት ደብዳቤ ደርሶታል። እንግዲህ ክርክራችን፣ በመመሪያ ላይ ስሙ ያልተገኘ አሠራር ሁሉ ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰው ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚል ነው።

«ይቆጠር» የሚሉት ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ሠሪው ቃል የገባው በጻፈው ነገር ብቻ ስለ ሆነ፣ ባልገባው ቃል ሊጠየቅ አይገባውም ይላሉ። ያልተጻፈውን ሁሉ እንዳለ እንዲያቆይ ቢገደድ ፕሮግራሙን ማሻሻልም ሆነ ከሌባ መጠበቅ አይችልም። ተጠቃሚውም ከወዲሁ «ያልተጻፈ ሁሉ ይጠፋል» ብሎ ቢያስብ ራሱን ከጉዳት ያድናል። አባቶቻችንስ «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለው የለምን?

ለዚህ አሳብ ጥሩ ምስክር የሚሆን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 6502 የሚባለውን ፕሮሰሰር አወጣ። ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒዩተሩ አንጎል ነው። ይህ ፕሮሰሰር ሊቀበላቸው ከሚችሉት 256 የትእዛዝ ቁጥሮች መካከል በመመሪያው የተገለጡት 151 ብቻ ነበሩ። የማወቅ ጉጉት ያደረባቸው ሰዎች የቀሩትን ቁጥሮች ሲሞክሩ፣ ከነዚያም አንዳንዶቹ ጠቃሚ ሥራ እንደሚሠሩ አገኙ፤ ጨዋታም ጻፉባቸው። በኋላ የተሻሻለው 65ሲ02 ሲወጣ ግን ከቁጥሮቹ አንዳንዶቹ ሌላ ሥራ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹም ምንም እንዳይሠሩ ተደረጉ። በእነርሱ ላይ የተደገፈ ፕሮግራም በአዲሱ ፕሮሰሰር ላይ መሄድ አቃተው። ቃል አልተገባም ነበርና ቃል ፈረሰ ማለት አይቻልም።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምማረው ተጠቃሚው መጠንቀቅ እንዳለበት ነው። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ አንድ ነገር ነው፤ አዋጅ ሌላ ነገር ነው። «ሊጠፋ ይችላልና ተጠንቀቅ» ማለትና «ተሽሯል» ማለት ፈጽሞ አንድ አይደሉም። ምሳሌውም ቢሆን «ይረሳል» አለ እንጂ «ይሻራል» አላለም። የሚረሳ ነገር መድኃኒቱ መጻፍ ነው። ስለዚህ ለጥያቄው መልሴ «አይቆጠርም» የሚል ሲሆን፣ ምክንያቶቼንም በተራ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ምክንያቴ ዝምታ አንድ ትርጉም ብቻ የሌለው መሆኑ ነው። ኤክሴል በሚባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ውስጥ ዴትዲፍ የተባለ ቀመር አለ። ሁለት ቀኖችን ሲሰጡት በመካከላቸው ስንት ዓመት፣ ስንት ወር፣ ስንት ቀን እንዳለ ይናገራል። ስለዚህ በማናቸውም ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የተማሪን ዕድሜ ከልደት ቀኑ ለማውጣት ይመቻል። ቀመሩ የገባው ሎተስ 1-2-3 ከተባለው ቀደምት ፕሮግራም ጋር ለመስማማት ነው። በኤክሴል 2000 መመሪያ ላይ ተገልጦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በወጡት መመሪያዎች ላይ ግን ለብዙ ጊዜ ሳይገለጥ ቆየ። ያም ሆኖ መሥራቱን አላቋረጠም። ዝምታ ሽረት ቢሆን ኖሮ ይህ ቀመር ገና ዱሮ ተሽሮ ነበር። በኋላ ሠሪው ማይክሮሶፍት ስለ ቀመሩ ጽፎ፣ በአንዳንድ ሁኔታ የተሳሳተ ውጤት ሊሰጥ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ልብ በሉ፤ የመዝገብ ቤቱን ጸሐፊ የሚጠቅመው ማስጠንቀቂያው ነው። የቀደመው ዝምታ ስለ ስሕተቱም ሆነ ስለ ጥቅሙ አንዳች አልነገረውም።

ደግሞም በሹም ሽር ዘመን እንደሚሆነው ሁሉ፣ ያልተጻፈ አሠራር ሽረት ሲጠበቅለት ሹመት የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ መዝገበ ቃላት የተባለው የመረጃ ማኅደር ነገሮችን በገቡበት ተራ ጠብቆ ማስቀመጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 3.6 ነው። ሠሪዎቹ በዚያን ጊዜ፣ «ይህ የውስጥ አሠራር ነውና አትደገፉበት» ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 3.7 ግን ይኸው አሠራር የቋንቋው ቋሚ ሕግ ሆነ። አስቀድሞ ከመመሪያው ውጪ ያለውን ሁሉ እንደ ተሻረ ቆጥረን ቢሆን ኖሮ፣ መልካሙን ከመጥፎው ጋር አንድ ላይ በጣልነው ነበር።

ሁለተኛው ምክንያቴ ከእኛ ኑሮ ጋር ይበልጥ የተያያዘ ነው። «ያልተጻፈ» ስንል ለማን ነው ያልተጻፈው? የብዙ ፕሮግራሞች ሙሉ መመሪያ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ በወላይትኛ የሚገኘው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ከአረካ ወይም ከቦዲቲ ወይም ከገሱባ ወደ ሶዶ ገበያ የሚመጣ ገበሬ ስልኩን መጠቀም የተማረው መመሪያ አንብቦ አይደለም። ቀሪ ሒሳቡን ለማየት «ኮከብ 804 መሰላል» መደወልን የሰማው ከልጁ ወይም ከጎረቤቱ አፍ ነው። ይህ ቁጥር በኩባንያው ዘንድ የተጻፈና የታወቀ ነው፤ ለገበሬው ግን በቃል የደረሰ እውቀት ነው። በከተማችን መንገድ ዳር ተቀምጠው ስልክ የሚጠግኑት ወጣቶችም ከሚያውቁት ብዙውን ያገኙት እርስ በርሳቸው በመጠያየቅና በመሞከር ነው።

እንግዲህ ዝምታ እንደ አዋጅ ከተቆጠረ ሸክሙ በማን ላይ ይወድቃል? እንግሊዝኛ የሚያነብና ዘወትር ኢንተርኔት የሚያገኝ ሰው፣ ሠሪዎቹ የሚያወሩትን እየሰማ አስቀድሞ ይዘጋጃል። በገጠር ወረዳ ያለ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የትምህርት ቤት ጸሐፊ ግን አንድ ቀን ጧት ሥራው ቆሞ ያገኘዋል። «ባልተጻፈ ነገር ለምን ተደገፍህ?» ብሎ እርሱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም ያገኘው በአንድ መንገድ፣ በሰው ቃል ነው። ሁለቱን የሚለይበት ነገር አልተሰጠውም። ስለዚህ የመሻር ማስታወቂያ በስም ተጠርቶ፣ ምትኩ ተነግሮ፣ ሰው በሚሰማው መንገድ ካልደረሰ በቀር ማስታወቂያ ሊባል አይገባውም።

ሦስተኛው ምክንያቴ አገራችን ራሷ ይህን ጥያቄ ሁለት ጊዜ የተፈተነችበት መሆኑ ነው፤ አንድ ጊዜ በፊደል፣ አንድ ጊዜ በሕግ።

ከፊደል ልጀምር። የግዕዝ ፊደል በመጀመሪያ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ሁሉም የሚስማማበት የቁጥር ሠንጠረዥ አልነበረውም። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነውና፣ እያንዳንዱ ሠሪ «ሀ» በዚህ ቁጥር ትቀመጥ፣ «ለ» በዚያ ትቀመጥ እያለ በየራሱ መንገድ ሠራ። ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉት የፊደል ፕሮግራሞች ብዙ ደብዳቤ፣ ብዙ መጽሐፍ፣ ብዙ የቢሮ ሰነድ ተጽፏል። ነገር ግን በአንዱ የተጻፈው፣ ያ የፊደል ዓይነት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል ለዓለም ሁሉ በሚያገለግል አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባ። ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ሆኖም በዚያ ቀን የቀድሞው ሰነድ ሁሉ ተሽሯል ቢባል ኖሮ፣ የብዙ ዓመት ጽሑፍ በጠፋ ነበር። የቀድሞውን ሰነድ ማዳን የሚቻለው፣ የየፊደሉን የቀድሞ ቁጥር ከአዲሱ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ዝርዝር ሲኖር ነው። ዝርዝሩ ሲኖር አሮጌው ጽሑፍ ወደ አዲሱ ይለወጣል፤ ዝርዝሩ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ከቀረ ግን ሰውየው ሲሄድ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል።

ከዚህም ሌላ፣ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ሙሉ አልነበረም። በጎረቤቶቻችን በጋሞ፣ በጎፋ፣ በዳውሮና በባስኬቶ ቋንቋዎች እንዲሁም በጉሙዝኛ ለመጻፍ የሚያስፈልጉ አንዳንድ የግዕዝ ፊደላት በውስጡ አልነበሩም። በሠንጠረዡ ስላልተጻፉ እነዚህ ፊደላት የሉም፤ ወይም ተሽረዋል ልንል እንችል ነበርን? እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዩኒኮድ 6.0 የሰጠው መልስ 32 ፊደላትን በስማቸው ጽፎ መጨመር ነበር። የሠንጠረዡ ባለቤቶች አንድን ፊደል አንድ ጊዜ ካስገቡ በኋላ አያወጡትም፤ «አትጠቀሙበት» ለማለት ሲፈልጉም በስም ጠርተው ምልክት ያደርጉበታል። ዛሬ በሠንጠረዡ ካሉት ከ150,000 የሚበልጡ ፊደላትና ምልክቶች መካከል እንዲህ የተባለባቸው ሃያ እንኳ አይሞሉም። መሻር እንዲህ በቁጥርና በስም ሲሆን ማንም አይጎዳም።

ወደ ሕጉ ልለፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 3347 ላይ አንድ ትልቅ ውሳኔ ሰጠ። ተቃራኒ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፣ ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ሁሉ ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩት ደንቦች፣ የተጻፉም ሆኑ በልማድ የኖሩ፣ ተሽረው በእርሱ ተተክተዋል አለ። ይህ በዛሬው ክርክራችን «ያልተጻፈ ሁሉ ይሻር» የሚለው አሳብ በሕግ መልክ የተገለጠበት ነው ማለት ይቻላል። የሕጉ አዘጋጆች በጎ ዓላማ ነበራቸው፤ ለአገሪቱ ሁሉ አንድ የተጻፈ ሕግ እንዲኖር ፈለጉ። ይሁን እንጂ በወላይታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር መቀመጣቸውን፣ የተጣሉትን ማስታረቃቸውን፣ ካሣ መቁረጣቸውን አልተዉም። ሥራ ላይ ያለ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር አልጠፋም።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ሌላ መንገድ ያዘ። በአንቀጽ 34 ንኡስ አንቀጽ 5፣ ባለጉዳዮቹ እስከ ተስማሙ ድረስ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊታይ እንደሚችል ፈቀደ። በአንቀጽ 9 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ልማዳዊ አሠራር እንደማይጸና ደነገገ። ከዚያም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጠለፋን፣ የሴት ልጅ ግርዛትንና ያለ ዕድሜ ጋብቻን በስም እየጠራ ወንጀል አደረጋቸው። ልዩነቱን ተመልከቱ። የማስታረቅ ልማድና የጠለፋ ልማድ ሁለቱም ያልተጻፉ ነበሩ። «ያልተጻፈ ሁሉ» የሚለው ቃል ሁለቱን በአንድ ጆንያ ይከታቸዋል። ለይቶ የጠራው ሕግ ግን የሚጠቅመውን አቆይቶ ጎጂውን በስሙ ከለከለ። እኅቶቻችንን ለመጠበቅ የሚበጀው የቱ እንደ ሆነ ለወላጆቻችን መንገር አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ብትሉኝ፣ ከፕሮግራም ሠሪዎች መካከል መልካም ምሳሌ የሆኑ አሉ። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ «አንሴፍ» የተባለ፣ ትርጉሙም «አስተማማኝ ያልሆነ» ማለት የሆነ የውስጥ ክፍል አለ። ለውጭ ሰው ተብሎ የተሠራ አልነበረም፤ ነገር ግን ፍጥነት የፈለጉ ብዙ ፕሮግራሞች ተደገፉበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ጃቫ 9 ሲወጣና የውስጥ ክፍሎች እንዲዘጉ ሲታሰብ፣ ይህ ክፍል ምትክ ስላልነበረው ክፍት እንዲቆይ ተወሰነ። ምትኩ ከተዘጋጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ጃቫ 23፣ ማኅደረ ትውስታን የሚነኩት ዘዴዎቹ በስም ተጠርተው ሊሻሩ ታወጁ። ያልተጻፈው መጀመሪያ ታወቀ፤ ቀጥሎ ምትክ ተገኘለት፤ በመጨረሻ ተሻረ። ሥርዓቱ ይህ ነው።

ስለዚህ የእኔ አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ያልተጻፈ አሠራር «ያልተጻፈ» ተብሎ ይጠራ፤ ራሱን የቻለ ስም ነውና። ሠሪው ሰዎች እንደሚጠቀሙበት ካወቀ፣ ይጻፈውና ወይ ያጽናው፣ ወይ ምትኩንና ጊዜውን ተናግሮ ይሻረው። ተጠቃሚውም በበኩሉ ባልተጻፈ ነገር ላይ ትልቅ ቤት አይሥራ፤ የግድ ከሆነበትም የት ላይ እንደ ተደገፈ በራሱ ደብተር ይጻፍ። ሌባ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ ሆኖ የተገኘ አሠራር ብቻ ከዚህ ሥርዓት ውጪ ነው። የቤት በር ተሰብሮ ሲገኝ ማስታወቂያ እስኪለጠፍ አይጠበቅምና፣ ያን መጀመሪያ መዝጋት፣ ወዲያውም መናገር ይገባል።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፤ ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ በሚመጣው ዓመት ወደ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና ወደ ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ሄደው ይህን ሙያ ይማራሉ። ሌሎቻችንም በመዝገብ ቤት፣ በባንክ፣ በጤና ጣቢያ ሰው የሠራውን ፕሮግራም እየተጠቀምን እንኖራለን። በብዙ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ሮስተር የሚሠራው አንድ ትጉህ መምህር በራሱ ጊዜ ባዘጋጀው ሠንጠረዥ ነው። መምህሩ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ሠንጠረዡ ይቀራል፤ የትኛው ረድፍ ለምን እንደ ተሠራ የሚያስረዳው እውቀት ግን አብሮት ይሄዳል። ተተኪው ያን ያልገባውን ረድፍ አይቶ «ምንም አልተጻፈበትምና አያስፈልግም» ብሎ ቢሰርዘው፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ውጤት ሊበላሽ ይችላል። ያልተጻፈ ሁሉ እንደ ተሻረ ይቆጠር የሚለው አሳብ በሥራ ላይ ሲውል ይህን ይመስላል።

ስለዚህ በዚህ በዓል ለትምህርት ቤታችን አስተዳደርና ለጓደኞቼ አንድ ልመና አቀርባለሁ። በኮምፒዩተር ክፍላችን አንድ ወፍራም ደብተር ይቀመጥ። የሚመረቀው ክፍል ሁሉ ከኮምፒዩተሮቹ ጋር ሲታገል በሙከራ ያገኘውን፣ በመመሪያ ላይ ያላየውን፣ አንዱ ለሌላው በቃል ያስተላለፈውን ሁሉ፣ በአማርኛም በወላይትኛም ይጻፍበት። ጊዜው ያለፈበትን መምህሩ በቀይ ቀለም ሰርዞ፣ ምትኩን ከጎኑ ይጻፍ። የመጀመሪያውን ገጽ የእኛ ክፍል ቢጽፈው ደስ ይለናል፤ ደብተሩንም አዋጥተን እንገዛለን።